ኤርደነት ልሂድ ወይ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሞንጎሊያ ውስጥ ኤርደነት የምትባል የመዳብ ከተማ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ ካልኩ ወዲህ ጥያቄው አላስቀምጥ ብሎኛል። እስኪ አንድ ላይ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ የት ናት? ስሟንም ሰምቼ አላውቅ።

መልስ፦ ከዋና ከተማው ከኡላንባታር በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በመኪና 370 ኪሎ ሜትር ገደማ። 100 ሺህ የሚሆን ሕዝብ አላት። ለእኛ ትንሽ ነው፤ ለእነሱ ግን ትልቅ ከተማ ናት፣ ከዳርካን ጋር ለሁለተኛነት ትፎካከራለች። ስሟ «ባለ ዕንቁ» እንደ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ማዕድን ማውጫ ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ? ምን አላት?

መልስ፦ እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ የምታምር ከተማ ፍለጋ ከሆነ ይቅርብሽ። እኔን የሳበኝ ሌላ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ቦታ ላይ ሣርና ከብት እንጂ ከተማ አልነበረም። በ1973 ሞንጎሊያና ሶቭየት ኅብረት መዳቡን አብረው ለማውጣት ተስማሙ። ሐዲድ ተዘረጋ፣ ፎቅ ተደረደረ፣ በ1978 መጨረሻ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። አሮጌ ሰፈር፣ አሮጌ ገበያ የሚባል የለም። መንገድ ላይ የምታያቸው ሽማግሌዎች በሙሉ ከከተማቸው በዕድሜ ይበልጣሉ። አንዱን ቁጭ ብለሽ ብታዋሪው ከተማዋ ስትወለድ ነበርኩ ይልሻል። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ የት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ እንዴት ይኬዳል?

መልስ፦ የኛ አየር መንገድ ቤጂንግ ይገባል፤ ከዚያ ኡላንባታር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቪዛህን ግን ቀድመህ ጨርስ። የቻይናን የመሸጋገሪያ ጉዳይም አብረህ ጠይቅ፤ በኋላ ኤርፖርት ላይ እንዳትንከራተት። ከኡላንባታር በአውቶቡስ በቀን ትደርሳለህ። እኔ ግን ባቡሩን ነው የምመክረው። ማታ ተነስቶ፣ ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ሳልኪት የሚባል ቦታ ላይ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ጠዋት ስትነቃ መስኮትህ ሙሉ ሜዳና ፈረስ ነው። ባለ አራት አልጋውን ክፍል ያዝ። ጣቢያው ከመሃል ከተማ ራቅ ስለሚል ታክሲ ያስፈልግሃል።

አንድ ነገር ልብ በል። በባቡሩ መተላለፊያ የሰው እግር ብትረግጥ ሰውየው እጁን ይዘረጋልሃል። ልምታህ ማለቱ አይደለም፣ ጨብጠው። ቅያሜ እንዳይኖር ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ደንግጬ ወደ ኋላ ሸሽቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጉድጓዱን ያሳያሉ ወይ?

መልስ፦ ዝም ብለህ ሄደህ አትገባም። ቀድመህ በሆቴልህ ወይም በአስጎብኚ በኩል ፈቃድ ጠይቅ፤ ፓስፖርትም ያዝ። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ሳልጠይቅ ሄጄ ከበር ተመልሻለሁ። ሁለተኛው ተሳካ።

የኮንሶን እርከን አስብና ወደ ታች ገልብጠው። እንደዚያ ነው የሚመስለው። ቤት የሚያክሉ ገልባጭ መኪኖች ከታች ሲወጡ ጉንዳን ይመስላሉ። በዓመት ከ25 ሚሊዮን ቶን በላይ ድንጋይ ይፈጫል። መዳቡ ግን ከድንጋዩ ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ማለትም ከ1000 ኪሎ ድንጋይ 5 ኪሎ። ስለዚህ ድንጋዩ እንደ ዱቄት ይፈጭና ከውሃና ከኬሚካል ጋር ይደባለቃል። ከሥር አየር ሲነፋበት መዳብ ያለበት ብናኝ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሌላው ይዘቅጣል። አረፋው ተገፎ ይደርቃል። የሚገኘው ዱቄት ሩቡ ገደማ መዳብ ነው፤ አብዛኛው በባቡር ተጭኖ ወደ ቻይና ይሄዳል። ሞሊብደነምም ይወጣል፣ ብረትን ለማጠንከር የሚጨመር ማዕድን ነው።

ጥያቄ፦ ማዕድን ማውጫው አሁንም የሩሲያ ነው?

መልስ፦ አይደለም። 49 በመቶው የሩሲያ ነበር፤ በ2016 ተሸጠ። ገዢው የሞንጎሊያ የግል ኩባንያ ነበር። ሽያጩ ብዙ ንትርክ አስነስቶ በመጨረሻ መንግሥት ወሰደው።

ጥያቄ፦ አየሩስ? ልጄ አስም አለበት።

መልስ፦ እንግዲያው በእነሱ ፀደይ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አይሂድ። ከፋብሪካው የሚወጣው ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ትልቅ ኩሬ አለ። ዳሩ ሲደርቅና ነፋስ ሲነሳ ነጭ አቧራ ያመጣል። ነዋሪው የሚያማርርበት ጉዳይ ነው። ክረምታቸውም አይቻልም፤ በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ይሂድ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ናዳም የሚሉት በዓል አለ፦ ትግል፣ ቀስት፣ የፈረስ ግልቢያ። የሚጋልቡት ሕፃናት ናቸው!

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ብሆን ምን እበላለሁ?

መልስ፦ ኧረ የኔ እመቤት፣ እሱስ ከባድ ነው። ሥጋ የሌለው ምግብ ሲጠየቁ ግራ ይገባቸዋል። ሻዩ ራሱ ወተትና ጨው አለበት። ከሱቅ ድንች፣ ጎመን፣ ዳቦ ታገኛለሽ። ሽሮና ቆሎ ሳትይዢ እንዳትነሺ። ፍስክ ከሆነ ግን ሁሹርን ቅመሺ፤ ሥጋ የሞላበት ጠፍጣፋ ሳምቡሳ በይው። የፈረስ ወተት ተብላልቶ የሚጠጣውን አይራግንም ሞክሪ። አጠገቡ ያለው የቡልጋን አውራጃ በእሱ የታወቀ ነው። ይጎመዝዛል። የመጀመሪያ ቀን ግን በስኒ ይብቃሽ፣ ለሆድሽ አዝኜ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምሯል። ሩሲያኛው ይጠቅመዋል?

መልስ፦ በጣም! ቀድሞ ከነዋሪው ብዙው ሶቭየት ነበር። ብዙዎቹ በ1990ዎቹ ቢሄዱም፣ በዕድሜ የገፉት ሞንጎሎች አሁንም ሩሲያኛ ይናገራሉ። ወጣቶቹ ወደ እንግሊዝኛ አዘንብለዋል። አባትህን ኮረብታው ላይ ወዳለው የወዳጅነት ሐውልት ውሰዳቸው። ከተማዋ ከዚያ ሆና ትታያለች። እሳቸው የተማሩበትን ከተማ ሰፈሮች የሚያዩ ነው የሚመስላቸው፣ ፎቆቹ ያው ናቸው።

ጥያቄ፦ ጥቁር ሰው ሲያዩ እንዴት ናቸው?

መልስ፦ ያፈጣሉ። ልጆች ተከትለው ፎቶ እንነሳ ይላሉ። ክፋት አልገጠመኝም። ማታ ከሰከረ ሰው ግን ራቅ፤ ይሄ የትም ቢሆን ነው። ዕቃ ስትቀበል በቀኝ እጅህ ተቀበል፣ ግራህን ክርንህ ሥር አድርገህ። እኛ ታላቅ ሰው ስንጨብጥ እንደምናደርገው። ይሄን ሳደርግ አንዲት ባለ ሱቅ ማን አስተማረህ አለችኝ። እናቴ አልኳት።

ጥያቄ፦ ሆቴሉ እንዴት ነው?

መልስ፦ ደህና ነው። ብቻ በእነሱ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ ከማዕከል የሚመጣውን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ለጥገና የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ያረፍኩበት ቦታ ሳይነግሩኝ ሦስት ቀን በቀዝቃዛ ታጠብኩ። ባልዲ ለምጄ ማደጌ ጠቀመኝ።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ይበቃል?

መልስ፦ ለከተማዋ ሁለት። አንድ ጨምርና አማርባያስጋላንት ገዳም ሂድ። ከ1727 እስከ 1736 የተሠራ የቡድሃ ገዳም ነው። በ1930ዎቹ ሞንጎሊያ ውስጥ ገዳማት ሲፈርሱ አብዛኛው ክፍሉ ከተረፈላቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። መጨረሻው መንገድ ፒስታ ስለሆነ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይ። ጥሬ ብር ያዝ፤ ካርድ ከከተማ ውጭ አይሠራልህም።

ጥያቄ፦ ከዚያ ምን ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ ምንጣፍ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ የምንጣፍ ፋብሪካ አላቸው፣ ከበግ ሱፍ ነው። የጄንጊስ ካን ፊት ያለበትም ይሸጣል። እኔ ትንሿን ገዝቼ ለእናቴ አመጣሁላት። ይሄማ አይረገጥም ብላ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሞንጎሎችም ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል ስላት፣ «ታዲያ ሰው አይደሉም?» አለችኝ።