መልስ፦ ለአውስትራሊያው ሲምፕሰን በረሃ የ2001 (እ.ኤ.አ.) ኒሳን ፓትሮል 3.0 ወይስ ቶዮታ ላንድክሩዘር 105?

105ቱን ውሰድ። 380,000 ኪሎ ሜትር መሄዱ አያስደንግጥህ፤ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ ቱርቦ የለውም፣ የነዳጅ ፓምፑም መካኒካል ነው። ዳገት ላይ ይንቀረፈፋል፣ እሱን ቻለው። የዚያ ዘመን ፓትሮል 3.0 ግን ፒስቶን በማቃጠል ይታወቃል።

ከመክፈልህ በፊት፦

1. ከፊት ጎማ ጀርባ ያለውን ክብ ብረት በጨርቅ ጥረግ። ግራሶው ቀጥኖ እንደ ዘይት ከወረደ የውስጡ ፓራዮሊዮ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ) ሄዷል፤ የዲፈረንሻል ዘይት ገብቶበታል ማለት ነው። ዋጋ አስቀንስበት።

2. የታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስኬደው ቀበቶ) የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቅ።

3. ሻንሲውን ከሥር በመዶሻ ነካ ነካ አድርግ፤ ባህር ዳር የተነዳ ከሆነ ዝገት ከውስጥ ይበላዋል።

ተጠንቀቅ፦ ቱርቦ ከውጭ የተጨመረበት ከሆነ ተወው። ሞተሩ ለዚያ አልተሠራም፤ ጭነህ ከበርድስቪል ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ቢግ ሬድ የተባለ የአሸዋ ክምር ስትወጣ ከመጠን በላይ ግሎ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሰነጠቅ ይችላል።