ስለ አባትዎ የስኳር መለኪያ ቁጥሮች መለያየት

ውድ እኅታችን፣ ትናንት ማታ ያቀረቡትን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብሁት። አባትዎ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ምንም ሳይቀምሱ ሲለኩ 146 (ቁጥሮቹ ሁሉ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ናቸው)፣ ተጠራጥራችሁ ወዲያው ስትደግሙት 163፣ ረፋድ ላይ ለክትትል ሄደው ከክንዳቸው በተቀዳው ደም ላቦራቶሪው የነገራቸው ደግሞ 131 መሆኑን ገልጸው፣ «ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን? አዲስ ልግዛ?» ብለዋል። እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። እዚሁ አዳማ ኢንሱሊን የምትወስደውን እናቴን ይዤ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስኳሯን ስለካና ስመዘግብ የኖርሁ ልጅ ነኝ። ከዚህ ልምድ ተነሥቼ የምመልስልዎ፣ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ብቻቸውን ማሽኑ ለመበላሸቱ ማስረጃ አይሆኑም የሚል ነው፤ ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የሚከተለውን ይመልከቱልኝ።

የቤት መለኪያዎች የሚመዘኑበት አይኤስኦ 15197 የተባለ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው እትም እንደሚጠይቀው፣ ከ100 ልኬቶች ቢያንስ 95ቱ፣ ስኳሩ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከትክክለኛው የላቦራቶሪ ውጤት 15 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፣ ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ 15 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሚለው ወሰን ማለፍ የለባቸውም። በዚህ ስሌት የአባትዎ ስኳር በዚያች ደቂቃ በእርግጥ 154 ቢሆን ኖሮ፣ ከ131 እስከ 177 ያለውን የትኛውንም ቁጥር የሚያሳይ ማሽን ጤነኛ ነው፤ 146ም 163ም እዚያው መካከል ይገኛሉ። ይህን ከማወቄ በፊት እኔም እናቴን በአንድ ማለዳ አራት ጊዜ ወግቼ ጣቷን አሳብጬባታለሁ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው ይቆጨኛል።

ላቦራቶሪው 131 ማለቱስ? ብዙዎቻችን የሆስፒታሉን ቁጥር ፍጹም አድርገን እንቀበላለን፤ ነገር ግን ያ ቁጥር ደሙ ከተቀዳ በኋላ ባሳለፈው ጊዜ ላይም የሚመሠረት ነው። በቱቦው ውስጥ ያሉት የደም ሕዋሳት በሕይወት ስላሉ ስኳሩን መብላታቸውን አያቆሙም፤ ፈሳሹ ክፍል ተለይቶ ካልወጣ በክፍል ሙቀት ውስጥ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው ይቀንሳል፣ በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ፍሎራይድ ያለበት ግራጫ ክዳን ቱቦ ይህን ቢገታም በመጀመሪያው ሰዓት ሙሉ በሙሉ አያስቆመውም። ስለዚህ 146 የነበረ ደም ሁለት ሰዓት ወረፋ ቢጠብቅ 131 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የአባትዎ ናሙና ይህን ያህል ቆይቷል ማለቴ አይደለም። በተጨማሪም ከማለዳው ልኬት እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ሰዓታት አልፈዋል፣ መንገዱንም በእግራቸው ሄደውት ከሆነ ስኳራቸው በራሱ ጊዜ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በተለያየ ሰዓት የተወሰዱ ሁለት ልኬቶች እርስ በርስ አይመሳከሩም።

አሁን ስሕተቱ ከእኛ ከራሳችን እጅ ወደሚመጣበት ልለፍ፤ በእኔ ቤት ትልልቆቹ መዛባቶች ሁሉ የመጡት ከዚህ ነውና። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴን ስለካት 318 አየሁ። ሐኪሟ እንደዚህ ከፍ ሲል ይጨመር ብሎ የጻፈልንን ኢንሱሊን ልቀዳ ስል፣ እርሷ «ምንም አልተሰማኝም እኮ ልጄ» አለችኝ። ቀና ብዬ ሳይ አጠገቧ የብርቱካን ልጣጭ ተከምሯል፤ ለልጆች ስትልጥ ቆይታ ነበር። እጇን በውኃና በሳሙና አስታጥቤ፣ በደንብ አድርቄ ደግሜ ስለካ 142 ሆነ። መጠኑን በዚያ በ318 ወስኜ ወግቻት ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ስኳሯ ወርዶ የምትነቃ አይመስለኝም። ስትሪፑ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ የሚሰካው ደም የሚነካው ቀጭን መመርመሪያ፣ የሚስበው የደም ጠብታ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ወይም የማር ርጋፊ ቁጥሩን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በአልኮል መጥረግ ደግሞ ይህን ስኳር በበቂ ሁኔታ አያነሣውም። መታጠብ ይሻላል፤ የግድ አልኮል ከተጠቀሙም እስኪደርቅ ይጠብቁ። ውኃ በአቅራቢያ ከሌለ የመጀመሪያውን ጠብታ በንጹሕ ጥጥ ጠርገው ሁለተኛውን ይለኩ። ጣትን አጥብቆ መጭመቅም ደሙን በሌላ የሰውነት ፈሳሽ ስለሚያቀጥነው ውጤቱን ያዛባል፤ ይልቁን እጃቸውን ወደ ታች አድርገው፣ በሞቀ ውኃ ካሟሟቁ በኋላ የጣቱን ጎን ይውጉ፤ ሕመሙም ይቀንሳል።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ የኛ ከተማ ሙቀት ነው። የስትሪፕ ማሸጊያዎች አብዛኞቹ ከ30 ዲግሪ በላይ አታስቀምጡ ይላሉ፤ የአዳማ ቀን ደግሞ ከመጋቢት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት ቤትማ ከዚያም ይብሳል። አንድ ዓመት ሚያዝያ ላይ የእናቴ ቁጥር ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ምክንያት ሲዋዥቅብኝ፣ ስትሪፑን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ማስቀመጤን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ቀዝቃዛ ማዕዘን፣ በሸክላ ጋን አጠገብ ሳይሆን በደረቅ ቦታ አኖረዋለሁ። ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ስለሚቀመጥ ስትሪፑንም አብሮ የሚያስገባ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ከቅዝቃዜ ሲወጣ የሚይዘው ጤዛ ስለሚያበላሸው ይህም አይመከርም።

ዋጋው ስለተወደደ አንድ ብልቃጥ ስትሪፕ ለሁለት መካፈል በመካከላችን የተለመደ ሆኗል፤ ችግሩን ስለማውቀው ማንንም አልወቅስም። ሆኖም ብልቃጡ ራሱ እርጥበት የሚስብ ማድረቂያ አለው፤ በላስቲክ ወይም በወረቀት የተጠቀለለው ድርሻ ግን ያለ መከላከያ ይቀራል። እኛ እንዲህ የተካፈልናቸው 25 ስትሪፖች አንድም ቀን የሚታመን ቁጥር አልሰጡንም። መካፈል ግድ ከሆነ፣ ብልቃጡ በአንድ ቤት ይቀመጥና ሁለቱም ታማሚዎች እዚያ ይለኩ፤ መውጊያ መርፌው ግን ለየራሳቸው ይሁን፣ በምንም ምክንያት አይጋሩት። ብልቃጡ የተከፈተበትን ቀን ላዩ ላይ ይጻፉ፤ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ጊዜ እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ማሸጊያው ላይ ያለውን ያንብቡ።

አባትዎ ደም ማነስ ካለባቸው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ደም ሲሳሳ ብዙዎቹ ማሽኖች ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያሉ፣ ኤዋንሲ (A1C) የሚባለው፣ ያለፉትን ሦስት ወራት ያህል የስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራም በደም ማነስ ሊዛባ ይችላል።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ማሽኑ 70 ሲል እውነቱ 55 ሊሆን እንደሚችል ያው መስፈርት ይፈቅዳል። ስለዚህ አባትዎ ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ፣ እነዚህ የስኳር መውረድ ምልክቶች ስለሆኑ፣ ቁጥሩ ደህና ቢመስልም እንኳ አይመኑት፤ መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጧቸውና ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኳቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳይሰጡ ወደ ሕክምና ያድርሷቸው። በተቃራኒው፣ ያልጠበቁት ከፍተኛ ቁጥር ሲያዩ እጅ አስታጥበው ሳይደግሙ የኢንሱሊን መጠን አይወስኑ።

ማሽኑን በትክክል ለመፈተን ከፈለጉ፣ በሚቀጥለው የክትትል ቀን ማሽኑንና ስትሪፑን ይዘው ይሂዱ። አባትዎ ምንም ሳይበሉ፣ ደም ሲቀዳላቸው በዚያችው ሰዓት፣ ቢበዛ በ5 ደቂቃ ውስጥ፣ በታጠበ ጣት ይለኳቸው። ሳይበሉ መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ ከምግብ በኋላ የጣት ደም ከክንድ ደም በግልጽ ከፍ ስለሚል ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይሆንም። ናሙናው ሳይቆይ እንዲሠራ ባለሙያውን በትሕትና ይጠይቁ። ለማሽኑ የተዘጋጀ መቆጣጠሪያ ፈሳሽ (የስኳር መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ መፈተኛ) መድኃኒት ቤት ካገኙም በእርሱ ይሞክሩት። እንዲህ ተደርጎ ልዩነቱ በሁለት ወይም በሦስት ቀጠሮ ከ15 በመቶ እያለፈ ከቀጠለ፣ ያን ጊዜ አዲስ ማሽን መግዛትዎ ተገቢ ነው።

እስከዚያው በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ መሆኑን እና ቁጥሩን ይጻፉልኝ። የላቦራቶሪውን ውጤትም ደሙ ከተቀዳበት ሰዓት ጋር ከጎኑ ያስፍሩ። ከቀጠሮው በኋላ ሁለቱን ቁጥሮች እዚህ ቢያኖሩልን አብረን እንመለከታቸዋለን፤ ለአባትዎም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።