ሞተር ከማዘዛችሁ በፊት ሜትር ያዙ

ለጀማሪ የጀልባ መካኒኮች፤

ባቦጋያ የባሕረኞች ማሠልጠኛ ሠልጥናችሁ ትልልቅ መርከብ ላይ የሠራችሁም ሆናችሁ አውሮፓ ውስጥ ጋራዥ የገባችሁ፣ አንድ ቀን ባልና ሚስት የሚኖሩባትን የሸራ ጀልባ ሞተር ቀይሩ መባላችሁ አይቀርም። እዚያ የመለዋወጫ ክፍልና ሦስት ረዳት የለም። ሞተሩ ከመሰላሉ ሥር፣ ከኩሽናው አጠገብ ነው፤ የምትሠሩትም ሰው ቤት ውስጥ ነው።

በስፔን ካናሪ ደሴቶች ያለችውን የላስ ፓልማስ ወደብ እንውሰድ። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት በኖቬምበር መጨረሻ ሲያበቃ ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን የሚሻገሩ ጀልባዎች ይነሣሉ፤ 2,700 የባሕር ማይል ገደማ፣ ሦስት ሳምንት ያህል የሚፈጅ መንገድ ነው። ሞተሩ በዘገየ ቁጥር ነፋሱ የሚመችበት ወቅት ያመልጣቸዋል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡ ከሆኑ ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ የሚፈቅደው የሼንገን ሕግ ጀልባቸው ተበላሽታም ቢሆን ይቆጥርባቸዋል። ስለዚህ «መቼ ያልቃል?» ሲሏችሁ ሳትለኩ ቀን አትቁረጡ።

መጀመሪያ ሞተሩ በእርግጥ ማለቁን አረጋግጡ። የባሕር ውሃ ከጭሱ ጋር የሚቀላቀልበት የጭስ ማውጫ ክርን በጨውና በጥላሸት ሲደፈን ሞተሩ ይግላል፣ ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። በዚህ ብቻ «አለቀለት» የተባሉ ሞተሮች ጥቂት አይደሉም። ክርኑን ፈታችሁ እዩ፤ ቀጥሎ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ለኩ። ኮምፕሬሽኑ ወርዶ ሰማያዊ ጭስ ካለ፣ ብሎኩም ለዓመታት በቀጥታ በባሕር ውሃ ሲቀዘቅዝ ኖሮ ውስጡ ከተበላ፣ አሮጌውን ሞተር አውርዶ መጠገን ገንዘብ መጣል ነው።

ልኬቱ ላይ አትቸኩሉ፤ ሥራ የሚያዘገየው እዚህ የተዘለለ ነገር ነው። የሞተሩ እግሮች በሚያርፉባቸው ሁለት ተሸካሚዎች መካከል ያለውን ርቀት፣ ከእነሱ እስከ ሻፍቱ (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ) መሐል ያለውን ከፍታ፣ የሻፍቱን ውፍረት፣ የካምቢዮውን ሬሾ፣ ፕሮፔለሩ ወደፊት ሲነዳ በየት በኩል እንደሚዞር ጻፉ። የመግቢያውን በር ስፋትም እንዲሁ። ከዚያ የአምራቹን የልኬት ሥዕል ይዛችሁ በካርቶን ልክ ሥሩና ቦታው ላይ አስቀምጡት። የዘይት ፊልትሮው ከግድግዳ ጋር ይጋጫል? የውሃ ፖምፓውን ክዳን ፈትቶ ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋውን የጎማ መዘውር) ለመቀየር እጅ ይገባል? ካርቶኑ በነፃ ይነግራችኋል፤ ሞተሩ ከመጣ በኋላ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የጎማ መቀመጫዎች፣ ኩፕሊንግ (ካምቢዮውንና ሻፍቱን የሚያገናኘው)፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ የነዳጅ መመለሻ መስመር፣ የመቆጣጠሪያ ኬብልና የሻፍት ማሸጊያ ከሞተሩ ጋር አብረው ይታዘዙ። አንዲት የጎደለች ቱቦ ጉምሩክ ላይ ስትቆም ሥራው ሁሉ አብሮ ይቆማል።

አሮጌውን ሞተር ማውጣቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ባትሪ ንቀሉ፣ የባሕር ውሃ ቫልቩን ዝጉ፣ ዘይቱን አፍስሱ፣ ዲናሞና ሞተሪኖውን ፈትታችሁ አቅልሉት፣ ከዚያ በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) አንሡት። ቡሙን (የሸራውን የታች አግዳሚ) ብቻውን አታሸክሙት፤ ከላይ በጠንካራ ገመድ ይደገፍ። ቦታው ባዶ ሳለ የናፍታ ታንከሩን ከፍታችሁ አጽዱ፤ ሥሩ የተኛው ውሃና ጥቁር ዝቃጭ በማዕበል ሲናወጥ የሚሄደው ወደ አዲሱ ኢንጀክሽን ፖምፓ ነው። ከታንከሩ ቀጥሎ ውሃ የሚለይ 10 ማይክሮን ፊልትሮ አስገቡ።

አላይመንት፣ ማለትም ሞተሩንና ሻፍቱን በአንድ መስመር ማስተካከል፣ የሚጠናቀቀው ጀልባዋ ውሃ ላይ ሆና ነው። መሬት ላይ በድጋፍ ስትቆም ቅርጿ በጥቂቱ ይለወጣል፤ ስለዚህ ውሃ ገብታ፣ የምሰሶው ገመዶች ተወጥረው፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ካደረች በኋላ ለኩ። ሁለቱን የኩፕሊንግ ፊቶች በእጅ አቀራርቡ፤ ሳትታገሏቸው መግጠም አለባቸው። ፊለር ጌጁን (ክፍተት የሚለካውን ስስ ብረት) ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ አስገቡ፤ 100 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ኩፕሊንግ ላይ ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ክፍተቱ ከታች ከሰፋ የሞተሩን የፊት እግሮች ዝቅ፣ ከላይ ከሰፋ ከፍ አድርጉ። ከዚያ ሻፍቱን ብቻ ግማሽ ዙር አዙራችሁ ድገሙት፤ ሰፊው ቦታ ሻፍቱን ተከትሎ ከዞረ የተጣመመው ሻፍቱ ወይም ኩፕሊንጉ ነው፣ እግሮቹን ስታስተካክሉ ውላችሁ ብታድሩ ልኩ አይገኝም። ይህ ሲዘለል ንዝረት ይመጣል፣ ማሸጊያው ያንጠባጥባል፣ የሻፍቱ ኩሽኔታ ያለ ጊዜው ያልቃል።

የባሕር ውሃው ወደ ጭስ ማውጫው የሚገባበት ቦታ ከውሃው ወለል በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ፣ ጫፉ ላይ አየር የሚያስገባ ቫልቭ ያለው ከፍ ያለ ቱቦ ግዴታ ነው። ያለዚያ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ውሃው በራሱ እየተሳበ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። አልነሣም ሲል ሞተሪኖውን መደጋገምም ያንኑ ያመጣል፤ የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ውሃው ይጠራቀማል። ስለዚህ ሞተሪኖውን ስትደጋግሙ የባሕር ውሃ ቫልቩን ዝጉ፣ ሞተሩ ሲነሣ ወዲያው ክፈቱ።

ሲያልቅ ክፍት ውሃ ላይ ሙሉ ነዳጅ ስጡት። በደቂቃ 3,600 ዙር የተጻፈለት ሞተር 3,000 ላይ ቆሞ ጥቁር ጭስ ካወጣ ፕሮፔለሩ ከብዶበታል፤ ፒቹን (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበትን ርቀት) አንድ ኢንች መቀነስ በግምት 200 ዙር ይመልሳል። ባለቤቶቹን ባትሪ ለመሙላት ብቻ ብለው ያለ ጭነት ለረጅም ሰዓት እንዳያስነሡት ንገሯቸው። 50 ሰዓት ሲሞላ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል፣ አዲሶቹ የጎማ መቀመጫዎች በክብደቱ ትንሽ ዝቅ ስለሚሉም አላይመንቱ እንደገና ይለካል። ይህ 50 ሰዓት አትላንቲክ መሐል እንዳይሞላባቸው፣ አብዛኛውን ወደ ቴኔሪፌና ላንዛሮቴ እየተመላለሱ ይጨርሱት።