ካቻቢቴ ብሆን ኖሮ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ መልእክት ላከችልኝ። የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ከገባች ገና አራት ወሯ ነው። እንደ እኔ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ናት። «ጋሼ፣ ለሦስት ቀን እረፍት ስምንት ሆነን ቤኒን ልንሄድ ነው። የትኛውን አፕ ብንጭን ይሻላል?» ትላለች።

መለስኩላት። ለሞተርና ለታክሲ ጎዜምን ጫኑ፣ የቤኒን ከተማ ኮቶኑ ላይም ይሠራል አልኳት። ካርታውን ዋይፋይ ባለበት አውርዱት አልኳት። አራት መስመር ነው የጻፍኩት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

የጠየቀችኝ ስለ አፕ ነው። የተቀሰቀሰብኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ለእሷ ልጽፍ ጀመርኩና ረዘመብኝ፤ እንግዲያው ለሁላችሁም ይሁን አልኩ።

ሐበሻ ሎሜ ምን ይሠራል ለምትሉ፣ አስካይ የሚባለው አየር መንገድ ዋና ጣቢያው ሎሜ ነው። በ2010 በረራ ሲጀምር (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው) የኢትዮጵያ አየር መንገድ አንዱ ባለድርሻ ስለነበር፣ የእኛ ሰው ከዚያ ወዲህ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጤፍ በሻንጣ ይመጣል። እሁድ እሁድ አንዱ ቤት ቡና ይፈላል። የዚያ ጉዞ ሐሳብም የመጣው ቡና ላይ ነው።

ጊዜው 2015 ነው። ዘጠኝ ሆነን ቤኒን ልንሄድ ተስማማን። አዘጋጁ እኔ ነኝ። ስማርት ስልክ ከገዛሁ ገና ስድስት ወሬ ነበርና አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ያደርገኝ ነበር። ሆቴሉን በአፕ ያዝኩ። መንገዱን በካርታ አወጣሁ። ዋትስአፕ ላይ ግሩፕ ከፍቼ «ኮቶኑ ኤክስፕረስ» ብዬ ስም አወጣሁለት። የማረፊያውን፣ የምሳውን፣ የጀልባውን ሰዓት ሁሉ እዚያ ላይ ዘረዘርኩ። ስምንት ሰው ግሩፑ ውስጥ አለ።

ዘጠነኛው ሰው የሉበትም። ጋሽ ዙሉ ነው የምንላቸው። ከሙያው ውጭ ላላችሁ፣ በአቪዬሽን ሁሉ ነገር የሚመዘገበው በአንድ የጋራ ሰዓት ነው። ዙሉ እንለዋለን፤ የግሪኒች ሰዓት ማለት ነው። ጋሽ ዙሉ የእጅ ሰዓታቸውን ከዙሉ ላይ ፈቀቅ አያደርጓትም። አዲስ አበባ እያሉም ሦስት ሰዓት ወደኋላ የቀረች ሰዓት ነበር የሚያስሩት። ሎሜ ሲመደቡ በጣም ደስ አላቸው፤ የቶጎ ሰዓት ራሱ ዙሉ ነው። «በስተርጅና ሰዓቴን የሚያከብር አገር አገኘሁ» ይሉ ነበር። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፣ ባትሪው ሳምንት የሚቆይ።

ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ሌሊት ትዝ ይለኛል፤ ገና ጀማሪ ነኝ፣ ቦሌ ሃንጋር ውስጥ ነን። ሥራው አልቋል፣ የአውሮፕላኑ ክዳን ሊዘጋ ነው። የመሣሪያ ሣጥናችን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ጉድጓድ አለው፣ በቅርጹ ልክ የተቀረጸ። አንድ ጉድጓድ ባዶ ሆነ። የጎደለችው የጣት ርዝመት የምታህል ካቻቢቴ ናት፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ቀርታ ሊሆን ይችላል። «ነገ እናገኛታለን» አለ አንዱ። ጋሽ ዙሉ ወንበር ስበው አውሮፕላኑ ሥር ተቀመጡ። «እኔ አልፈርምም» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ባትሪ ይዘን በሆዳችን እየተሳብን ፈለግን። ስልክ ይደወላል፣ አለቃ ይጮኻል፣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካቻቢቴዋ ተገኘች። የት? የእኔ ቱታ የኋላ ኪስ ውስጥ። ስቀው ሣጥኗ ውስጥ መለሷትና ፈረሙ። ከዚያ በኋላ መሣሪያ ሳልቆጥር የዘጋሁት ክዳን የለም። አንድም።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ሁለት መኪና ከነሾፌሩ ተከራይተን ማለዳ ከሎሜ ወጣን። ጋሽ ዙሉ ከእኔ ጋር ናቸው። ባሕሩ በቀኝ፣ ኮኮናቱ በግራም በቀኝም። አኔሆን አልፈን ሂላኮንጂ ድንበር ደረስን። ፓስፖርት ተመታ፣ ቢጫ ካርድ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ) ታየ። ከድንበሩ ማዶ መንገድ ዳር በትልልቅ ብርጭቆ ማሰሮ ቤንዚን ይሸጣል፤ ፀሐይ ሲመታው ጠጅ ነው የሚመስለው። አንዱ የእኛ ልጅ የምር ጠጅ መስሎት ሾፌሩን አቁም ብሎታል። እስከ ዛሬ ይሰደብበታል።

ቶጎና ቤኒን ገንዘባቸው አንድ ነው፣ ሴፋ። የመንግሥት ቋንቋቸውም አንድ፣ ፈረንሳይኛ። ሰዓታቸው ግን ይለያል። ቤኒን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ድንበሩን እንዳለፍን ስልኬ ራሱ ሰዓቱን አስተካከለ። ገርሞኝ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ «ከአሁን ጀምሮ በቤኒን ሰዓት ነን።» ሰባት አውራ ጣት ተላከልኝ። ጋሽ ዙሉ አጠገቤ ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። ዞር ብዬ አልነገርኳቸውም። አስቤ የተውኩት አይደለም። ግሩፑ ላይ ስጽፍ ለሁሉም የነገርኩ መሰለኝ።

ዊዳ ከተማ ገባን። የዘንዶዎቹን ቤተ መቅደስ አየን፤ ፊት ለፊቱ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ባሮች በእግራቸው ይነዱበት የነበረውን አራት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በመኪና ወረድን። መጨረሻው ባሕር ነው። አሸዋው ላይ ትልቅ ቅስት ቆሟል። የማይመለሱበት በር ይሉታል። ላዩ ላይ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ረድፍ ተቀርጿል፣ ፊታቸው ወደ ውሃው። «ስምንት ሰዓት ላይ መኪናው ጋ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ዙሉም ሰሙ። «እሺ» አሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው በቅስቱ ሥር አለፉና ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ወረዱ። እኔ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ዛሬ ፎቶዎቹን ሳያቸው ባሕሩ ምን ይመስል እንደነበር ትዝ አይለኝም፤ ፎቶው ላይ ያለውን ብቻ ነው የማውቀው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ተሰበሰብን። ቀጣዩ ጋንቪዬ ነው፤ ከባሪያ ፈንጋይ የሸሹ ሰዎች ሐይቅ ላይ የቆረቆሩት መንደር። ጀልባ ሊያመልጠን ነው ብዬ አጣደፍኳቸው። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ጋሽ ዙሉ ከኋለኛው መኪና ጨዋታ ወደው የተዛወሩ መሰለኝ። ግሩፑ ላይ «ሁሉም ገብቷል?» ብዬ ጻፍኩ። አውራ ጣት። አውራ ጣት። አውራ ጣት። ሄድን።

ካላቪ ጀልባ መሳፈሪያው ላይ የዘጠኝ ሰው ከፈልኩ። ጀልበኛው ሸበቶ ሰው ነው። ትኬቱን አየ፣ ከዚያ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረን። «ዊት» አለ። ስምንት። «ኖን፣ ኑፍ» አልኩት። ደግሞ ቆጠረ። አሁን ቀስ ብሎ፣ የእያንዳንዳችንን ትከሻ በዓይኑ እየነካ። «ዊት፣ ሙሴ» አለኝ።

ይህን ሰው አልረሳውም። ስማችንን አያውቅም። ዳግመኛም አያየንም። ግን ቆጠረን።

አንድ ነገር ላልዋሻችሁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ያሳሰበኝ ጀልባው ነበር። ጋንቪዬ ደርሰን እንመለስና ከዚያ እሳቸውን ፍለጋ እንሂድ ይሆን የሚል ሐሳብ በልቤ አልፏል። ማንም አልሰማኝም፤ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። ስልካቸው ላይ ደወልን፤ የቶጎ ሲም ነው፣ አይሠራም። ሰባቱን ጀልባው ላይ ትቼ ከሾፌሩ ጋር ተመለስኩ። የኮቶኑ የመኪና መጨናነቅ ያዘን። ዊዳ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የተገለበጠ ታንኳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጭናቸው ላይ የሰው መረብ ዘርግተው ቋጠሮውን እያገላበጡ ያያሉ። ከሎሜ ገበያ በለቃቀሟት ሚና ቋንቋ ከአጥማጆቹ ጋር ተግባብተዋል። የተጠበሰ ዓሣ በቅጠል ላይ ቀርቦላቸው ግማሹን በልተው ግማሹን አስቀምጠዋል። ለእኔ ነው ያስቀመጡት።

«ጋሼ፣ ስምንት ሰዓት ብለን አልነበረም እንዴ?» አልኩ። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። ምንም ሳይናገሩ ክንዳቸውን ዘርግተው ሰዓታቸውን አሳዩኝ። አሥር ተኩል ትላለች። «ለስምንት አሥር ጉዳይ ላይ መጣሁ። መኪናው የለም» አሉ። «እዚህ እኮ ሰዓቱ ይለያል፤ ግሩፑ ላይ ጽፌዋለሁ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። መረቡን አጣጥፈው ለባለቤቱ መለሱ። «አክፔ» አሉት፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። አሸዋቸውን አራገፉ። መኪናው ጋ ልንደርስ ስንል ነው የተናገሩት። «ካቻቢቴ ብሆን ኖሮ ክዳኑን አትዘጋውም ነበር።»

ያኔ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አልኩ? አላልኩም። ስለ ኔትወርክ አወራሁ። ማታ ሆቴል ስንገባ ራሳቸው ቀልድ አደረጉት። «ልጆቹ የማይመለሱበት በር ላይ ጥለውኝ ሄዱ፤ እኔ ግን ተመለስኩ» ብለው አሳቁን። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀልዱ አዳነኝ። በዓመቱ አገራቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ሄጄ ስንት ጊዜ ቡና ጠጥቻለሁ። ቀልዱ ይነሳል፣ እንስቃለን፣ ይታለፋል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ፣ ልጄ። ፓስፖርት ያዙ፣ ውሃ ጠጡ አልልሽም፤ ልጅ አይደላችሁም። ቤኒን ለአፍሪካውያን ያለ ቪዛ ታስገባለች። ጣጣው መመለሻው ላይ ነው። የቶጎ ቪዛችሁ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ሂላኮንጂ ላይ ቁጭ ትላላችሁ። እሱን የሚነግራችሁ አፕ ሳይሆን በዚያው ሳምንት ያለፈ ሰው ነው። በኮቪድ ጊዜ ጋና የየብስ ድንበሯን ከማርች 2020 እስከ ማርች 2022 ዘግታ ነበር። ወደ ጋና የሚያሻግረው የአፍላኦ ድንበር ከሎሜ ከተማ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ወሬው ከማንም ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ሻይ ከምትሸጠው ሴትዮ ጋ ነበር።

እናንተ የዛሬ ልጆች ሰው መጠየቅ ታፍራላችሁ። አስፋልት ላይ ቆማችሁ፣ አጠገባችሁ የሠፈሩ ሰው ቆሞ፣ ስልክ ታሽከረክራላችሁ። ጎግል ትራንስሌት ላይ የቶጎው ኤዌ ቋንቋ በ2022፣ የቤኒኑ ፎን ቋንቋ በ2024 ገብቷል። እናንተ ግን ከስልኩ ላይ አንዲት «አክፔ» እንኳን አጥንታችሁ ስትሉ አልሰማሁም። ሒሳብ ስትካፈሉም እስከ አምስት ሴፋ ነው። እኛ «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ» እየተባባልን እጅ ለእጅ እንያያዝ ነበር። እርግጥ ነው፣ በዚያ ጉዞ አንዱ ጓደኛችን በሞቴ ሲል ከርሞ የቤት ኪራይ ተበድሮ ነው የከፈለው። የእናንተ ሳይሻል አይቀርም።

አፕን የምጠላ እንዳይመስልሽ ደግሞ። ጎዜም በ2018 ሎሜ ውስጥ ሥራ ሲጀምር «የሰነፍ ነገር» ብዬ ነበር። በቀደም ግን ኮቶኑ በሌሊት ዝናብ ውስጥ ቆሜ ሞተረኛው ስሜን ጠርቶ ሲመጣ፣ ዋጋውም ሳልከራከር ሲታወቅ፣ ተመስገን ነው ያልኩት። ካርታም ያስፈልጋል፣ ግሩፕም ክፈቱ። ሰዓታችሁን ድንበሩ ላይ ቆማችሁ፣ በአፋችሁ ተነጋግራችሁ አስተካክሉ። መኪና ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ወርዶ በጣቱ ይቁጠር። አውራ ጣት ቆጠራ አይደለም።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ትናንት ጋሽ ዙሉ ጋ ደወልኩ። አሥር ዓመት የቆየውን ልላቸው ነው። ጤና ተጠያየቅን። ስለ ጉልበታቸው ነገሩኝ፣ ስለ ልጅ ልጃቸው ነገሩኝ። እንደምንም ብዬ «ጋሼ፣ ያን ቀን ዊዳ ላይ…» ስል አቋረጡኝ።

«ለመሆኑ ሎሜ ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ስምንት ከሃያ» አልኩ።

«እኔም ጋ ስምንት ከሃያ ነው» አሉ። አዲስ አበባ እኮ አሥራ አንድ ከሃያ ሆኗል። ባለቤታቸው ከኋላ ሆነው ሲስቁ ይሰማኛል።