ጥያቄና መልስ፦ መጽደቅ፣ ማመን፣ መዳን

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የወንጌላውያንን እምነት መሠረት የሚነኩ ናቸው። ስናነባቸው አንድ ነገር ጎልቶ ታየን፤ ግራ መጋባቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከራሱ ከአማርኛው ቃል ነው። «ጸደቀ»፣ «አመነ»፣ «ዳነ» የምንላቸውን ቃላት በችግኝ ጣቢያም፣ በችሎትም፣ በሆስፒታልም እንጠቀምባቸዋለን። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡም የለመዱትን ትርጉም ይዘው ይገባሉ። ስለዚህ መልሳችንን ከቃሉ እንጀምራለን።

«እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ሰው በእምነት ብቻ ይጸድቃል ስላት ‹ታዲያ መጾሙ፣ ድሃ መመጽወቱ ከንቱ ነው?› ትለኛለች። ያዕቆብ 2፥24ንም ትጠቅስልኛለች። መልስ አጣሁ።» (ከአዲስ አበባ)

እኅታችን፣ እናትሽ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በችኮላ አትመልሺላቸው።

በአማርኛ ችግኝ ሥር ሲሰድ «ጸደቀ» እንላለን። ምክር ቤት በጀት ሲቀበል «አጸደቀ» እንላለን። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያን የሚመጸውት ሰው ደግሞ «ለጽድቅ ነው» ይላል፤ እዚህ ላይ ጽድቅ በመልካም ሥራ የሚገኝ ዋጋ ነው። እናትሽ ቃሉን የሚሰሙት በዚህ በሦስተኛው ትርጉም ነው። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 3 እና 4 የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ግን የችሎት ቃል ነው፤ ዳኛ በተከሳሹ ላይ «በደል የለበትም» ብሎ ሲፈርድ የሚባል። ሮሜ 4፥5 እግዚአብሔርን «ኃጢአተኛውን የሚያጸድቅ» ይለዋል። አንድ ዳኛ በደለኛውን ነጻ ቢለቅ ፍርድ ገመደለ እንላለን። እዚህ ግን ፍርዱ አልተገመደለም፤ ቅጣቱን ክርስቶስ በመስቀል ላይ ስለተሸከመ ነው (ሮሜ 3፥25-26)። የወንጌላውያን እምነት ልብ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ወደ ያዕቆብ እንምጣ። ጳውሎስም ያዕቆብም ምሳሌ ያደረጉት አብርሃምን ነው፤ ነገር ግን ጳውሎስ የሚነሣው ከዘፍጥረት 15፥6 ሲሆን፣ ያዕቆብ አስቀድሞ የሚያነሣው በዘፍጥረት 22 ይስሐቅን በመሠዊያ ላይ ማቅረቡን ነው። ዕድሜውን ቁጠሪ፦ እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር (16፥16)፤ ይስሐቅ ሲወለድ 100 (21፥5)። የምዕራፍ 15 እምነት ከሁለቱም ልደት በፊት ነው፤ የምዕራፍ 22 መሥዋዕት ደግሞ ይስሐቅ እንጨት መሸከም ከቻለ በኋላ። በመካከላቸው ከ14 ዓመት በላይ አለ። እግዚአብሔር መጀመሪያ «ጽድቅ ሆኖ ተቈጠረለት» አለ፤ እምነቱ እውነተኛ መሆኑ በተራራው ላይ ታየ። ያዕቆብ የሚገሥጸው የተራበውን ሰው «በደህና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘውን ነው (2፥16)። እንዲህ ያለው እምነት አጋንንትም አላቸው (2፥19)።

ስለዚህ ለእናትሽ «ምጽዋቱ ከንቱ አይደለም፤ ዕዳ መክፈያ ግን አይደለም» በያቸው። ደግሞም ፍትሐዊ ሁኚ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ሰው ያለ እግዚአብሔር ቸርነት በሥራው ብቻ ይድናል ብላ አታስተምርም። ልዩነቱ ያለው ሥራ ለፍርዱ መሠረት ከሆኑት ነገሮች ይቈጠራል ወይስ ፍርዱን ተከትሎ ይመጣል በሚለው ላይ ነው። በእኛም በኩል ጥፋት አለ፤ ኤፌሶን 2፥8-9ን በቃላችን ይዘን ቁጥር 10ን እንተዋለን። «መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን» የሚለው እዚያው ሥሩ ነው። ለእናትሽ ሦስቱንም ቁጥሮች አንድ ላይ አንብቢላቸው።

«በየጉባኤው ‹ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን ያንሣ› ሲባል አነሣለሁ። ምናልባት 7 ጊዜ የንስሐ ጸሎት ጸልያለሁ። በኃጢአት በወደቅኩ ቁጥር ያልዳንኩ ይመስለኛል።» (ከሐዋሳ)

ወንድማችን፣ ያስጨነቀህ ጸሎቱን በትክክል ጸለይኩ ወይ የሚለው ነው። ሰባኪውን ተከትሎ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር የሚደገም የንስሐ ጸሎት በመጽሐፍ ቅዱስ የታዘዘ ሥርዓት አይደለም። ሰዎችን ወደ ፊት ጠርቶ ማስወሰን በሰፊው የታወቀው በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ፣ በተለይም በቻርልስ ፊኒ ስብሰባዎች ነው። ብዙዎች በዚህ መንገድ በእውነት ወደ ክርስቶስ መጥተዋልና አንንቀውም። የሚያድነው ግን ጸሎቱ ሳይሆን የታመንህበት ጌታ ነው። ቀራጩ ያለው «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ብቻ ነበር (ሉቃስ 18፥13)።

«አመነ» የሚለውን ቃል ተመልከት። ተከሳሽ ወንጀሉን ያምናል፤ ነጋዴ ደንበኛውን አምኖ በዱቤ ይሰጣል። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መምህራን በእምነት ውስጥ ሦስት ነገር ለይተዋል፦ የወንጌሉን ቃል ማወቅ፣ እውነት ነው ብሎ መቀበል፣ ራስን በክርስቶስ ላይ መጣል። አንተ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያሉህ ይመስላል። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ግን ክርስቶስን ትተህ የእምነትህን ጥንካሬ ትመዝናለህ። እዚያ ላይ ነው የምትንሸራተተው። ዱቤ የሚሰጠው ነጋዴ የሚያየው የደንበኛውን ታማኝነት ነው እንጂ የራሱን ልብ አይደለም።

«መዳን» ደግሞ በሐዲስ ኪዳን ሦስት ጊዜ አለው። «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋል» ያለፈ ነው (ኤፌሶን 2፥8)። «ለእኛ ግን ለምንድን» አሁን የሚሆን ነው (1 ቆሮንቶስ 1፥18)። «ከቁጣው እንድናለን» ወደፊት ነው (ሮሜ 5፥9)። የመጀመሪያው በአንድ ፍርድ ያለቀ ነው፤ ሁለተኛው ቅድስና የምንለው የዕድሜ ልክ ትግል ነው። አንተ በሁለተኛው ስትደክም የመጀመሪያው የተሰረዘ ይመስልሃል። 1 ዮሐንስ 1፥9 «በኃጢአታችን ብንናዘዝ» ሲል የሚናገረው ላመኑት ነው።

ከእንግዲህ ስትወድቅ እጅህን ደግመህ አታንሣ። ኃጢአቱን በስሙ ጥራው፤ «ሁሉንም ማረኝ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፣ ግን ምንም አያስለቅቅም። የበደልከው ሰው ካለ ሂድና ካስ፤ የወሰድከው ገንዘብ ከሆነ መልስ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገብቶ ነበር። ተመላልሶ የሚጥልህ አንድ ዓይነት ኃጢአት ከሆነ ለአንድ በሳል አማኝ ወይም ሽማግሌ በግልጽ ንገረው (ያዕቆብ 5፥16)፤ ብቻውን ተደብቆ የሚታገል ሰው እንደ አንተ በየጉባኤው ይጀምራል። የ1 ዮሐንስን መልእክት በአንድ ቁጭታ አንብብ። የተጻፈው «የዘላለም ሕይወት እንዳላችሁ ታውቁ ዘንድ» ነው (5፥13)።

አማኝ ደኅንነቱን ሊያጣ ይችላል ወይ በሚለው ላይ ወንጌላውያን ራሳችን እንለያያለን፤ የካልቪን ወገን አይችልም ይላል፣ የአርሚንየስ ወገን ክዶ ሊወጣ ይችላል ይላል። በእያንዳንዱ ውድቀት ይጠፋል ማለት ግን የሁለቱም ወገን ዋና ትምህርት አይደለም። ይህን የምንጽፈው ኃጢአቱ ለሚያስለቅሰው ነው። ተመችቶት የተቀመጠውን ሰው በዚህ አናጽናናውም።

«በሕፃንነቴ ተጠምቄአለሁ። የእጮኛዬ ቤተ ክርስቲያን ግን አባል ለመሆን እንደገና መጠመቅ አለብህ አለችኝ። አባቴ ‹ጥምቀትህን አትካድ› ይሉኛል።» (ከነቀምቴ)

ሁለቱም ወገኖች ወንጌላውያን ናቸው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በብሔራዊ ደረጃ የተመሠረተች፣ የሉተራን ትምህርት ተከታይ ስለሆነች ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ የ1530ው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ በአንቀጽ 9 ይህን ያዛል። መከራከሪያቸው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ልድያና የወኅኒው ጠባቂ ከነቤተ ሰባቸው መጠመቃቸው፣ እንዲሁም ቆላስይስ 2፥11-12 ጥምቀትን ከግዝረት ጋር ማያያዙ ነው። ቃለ ሕይወት፣ ሙሉ ወንጌልና መሠረተ ክርስቶስ ደግሞ ራሱ አምኖ የሚመሰክረውን ብቻ ያጠምቃሉ፤ የመሠረተ ክርስቶስ ሥር እ.ኤ.አ. በ1525 በዙሪክ አዋቂዎችን ያጠመቁት ወገኖች ድረስ ይዘልቃል። በእነርሱ ዓይን በሕፃንነት የተደረገው ጥምቀት ስለማይባል «እንደገና» የሚባል ነገር የለም። ለዚህ ነው ሽማግሌዎቹ መታዘዝ ያሉትን አባትህ መካድ ብለው የሚሰሙት።

ለሠርግ ፈቃድ ብለህ ብቻ አትጠመቅ። «በእምነት ያልሆነ ሁሉ ኃጢአት ነው» (ሮሜ 14፥23)። መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያንህ መሸኛ ደብዳቤ ይዘህ ሂድና ያለ ዳግም ጥምቀት በአባልነት መቀበል፣ ወይም አባል ሳይሆኑ በዚያ መጋባት ይቻል እንደሆነ ሽማግሌዎቹን ጠይቅ፤ አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ብዙዎች የሚረሱት ከዚህ በላይ የሚከብደውን ነው፦ ልጅ ስትወልዱ ታስጠምቃላችሁ ወይስ በጸሎት ትባርካላችሁ? ይህን አሁን ከእጮኛህ ጋር ጨርሱት። አራስ ቤት ውስጥ፣ ሁለት አያቶች በተቀመጡበት የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

«ኤች አይ ቪ በደሜ አለ። አንድ አገልጋይ ‹ድነሻል፣ መድኃኒቱን መውሰድ አለማመን ነው› አለኝ። በኋላ ስመረመርም ቫይረሱ አልታየም ተባልኩ።» (ከአዳማ)

እኅታችን፣ መድኃኒቱን ዛሬም ውሰጂ። «ቫይረሱ አልታየም» ማለት መድኃኒቱ ቫይረሱን መሣሪያው ከሚቆጥረው በታች አድርጎታል ማለት ነው፤ ከሰውነትሽ ወጥቷል ማለት አይደለም። ስታቋርጪው ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይባዛል፤ እያቋረጡ መጀመር ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። ምርመራውን ላደረገልሽ ባለሙያ የሆነውን ሁሉ ንገሪ፤ ያለፈሽ መጠን ካለም አትደብቂ።

እዚህም የተምታታው ቃሉ ነው። በአማርኛ ከበሽታም፣ ከኃጢአትም «ዳነ» ይባላል። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ ለታመመ እንድንጸልይም ታዝዘናል (ያዕቆብ 5፥14)። የሥጋ ፈውስ ግን ላመነ ሁሉ አሁኑኑ የተሰጠ ተስፋ አይደለም። ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ ሳለ በሚሊጢን ተወው (2 ጢሞቴዎስ 4፥20)። ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መከረው (1 ጢሞቴዎስ 5፥23)። አብሮት የነበረው ሉቃስም ሐኪም ነበር። መድኃኒት ጣሉ የሚል ትእዛዝ ከሐዋርያት አንዱ አልሰጠም። አስጥሎሽ ብትታመሚ ያ አገልጋይ የሚልሽ «እምነትሽ አነሰ» ነው፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ በታማሚው ላይ የሚወድቅበት ትምህርት የወንጌል አይደለም። ጉዳዩን ለቤተ ክርስቲያንሽ ሽማግሌዎች አሳውቂ፤ ሌሎችም በእርሱ ቃል አቋርጠው ይሆናል።

«ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልችልም፤ በስልክ ነው የምማረው። አስተማሪው ‹ሥላሴ የለም፣ አብም ወልድም መንፈስ ቅዱስም ኢየሱስ ራሱ ነው፤ በስሙ ብቻ ካልተጠመቅሽ አልዳንሽም› አለን።» (ከጅዳ)

አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ ኢየሱስ በዮርዳኖስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሳለ ከሰማይ «የምወደው ልጄ ይህ ነው» ያለው ማን ነው? በርግብ አምሳል የወረደውስ? (ማቴዎስ 3፥16-17)። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ታይተዋል። አንዱ አምላክ መልኩን እየለወጠ ይታያል ለማለት የሚነገረው «ውኃ፣ በረዶ፣ እንፋሎት» የሚለው ምሳሌ የሚያስተው በዚህ ነው፤ አንዱ ውኃ በአንድ ጊዜ ሦስቱንም አይሆንም። አንድ አምላክ፣ ሦስት አካላት የሚለው እምነት በኒቅያ እ.ኤ.አ. በ325፣ በቁስጥንጥንያም በ381 የተመሰከረ ነው፤ እዚህ ላይ እኛም ኦርቶዶክሳውያንም አንድ ነን። ማቴዎስ 28፥19 «ስሞች» አላለም፤ «ስም» አለ፣ ሦስቱንም ጠራ። በሥላሴ ስም ተጠምቀሽ ከሆነ ሌላ ጥምቀት አያስፈልግሽም። ለጥምቀት ገንዘብ ላኪ ካለሽ ደግሞ አትላኪ።

«81ዱን መጽሐፍ ማንበብ ኃጢአት ነው? ይሁዳ ሄኖክን ጠቅሶ የለ?» (ከጎንደር)

ኃጢአት አይደለም። ወንጌላውያን ለአስተምህሮ መሠረት የምናደርገው 66ቱን ነው፤ 39ኙ ብሉይ በዕብራይስጥ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ናቸው፣ 27ቱ ሐዲስ። ሉተር በ1534 ባሳተመው የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተጨማሪዎቹን መጻሕፍት ከሁለቱ ኪዳናት መካከል ለብቻ አስቀምጦ ለንባብ ይጠቅማሉ ብሏል፤ ሄኖክ ግን በዚያ ውስጥ አልነበረም። ይሁዳ በቁጥር 14-15 ሄኖክን መጥቀሱ እውነት ነው፤ ጳውሎስም በአቴና የግሪክ ባለ ቅኔዎችን ጠቅሷል (የሐዋርያት ሥራ 17፥28)፣ ቅኔያቸው ግን ቅዱስ መጽሐፍ አልሆነም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው፤ አባቶች ገልብጠው ባያቆዩት ኖሮ ይሁዳ የጠቀሰውን ስፍራ ዛሬ ከሙሉው መጽሐፍ ጋር ማመሳከር ባልቻልን ነበር።