መርከቧ ከካርታው ላይ ስትጠፋ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ናቸው። ባሕር ለሌለው አገር ሰው ይህ ሁሉ የባሕር ጉጉት ደስ ይላል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከባቦጋያ የባሕረኞች ማሠልጠኛ ተመርቆ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ ተቀጥሯል። ማታ ማታ መርከቧን በስልኬ ካርታ ላይ ሳላያት አልተኛም። ባለፈው ሳምንት ሕንድ ውቅያኖስ መሐል ስትደርስ ጠፋችብኝ። ሁለት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። ምን ሆና ይሆን? (እናት፣ ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ እናቴ፣ እህልዎን ይብሉ። ካርታው መርከቧን የሚያውቃት ራሷ ስትናገር ነው። ኤ.አይ.ኤስ የሚባል መሣሪያ አላት፤ «እኔ እገሊት ነኝ፣ እዚህ ደርሻለሁ፣ በዚህ ፍጥነት ወደዚህ እያመራሁ ነው» እያለ በሬዲዮ ይለፍፋል። ስትጓዝ በየጥቂት ሴኮንዱ፣ መልሕቅ ጥላ ስትቆም በየሦስት ደቂቃው። የየብስ ጣቢያዎች ይህን የሚሰሙት ከዳርቻው ብዙ ሳትርቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰሚዋ ሳተላይት ብቻ ነው፤ የሳተላይቱን መረጃ ደግሞ ድርጅቶች ስለሚሸጡት በነፃ ለሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ አይታይም። ወደ የብስ ስትቃረብ ብቅ ትላለች። የባሕር ወንበዴ ወይም ጥቃት በሚያሰጋበት ቦታም ካፒቴኑ መሣሪያውን እንዲያጠፋ ይፈቀድለታል። ክፉ ነገር ቢገጥም ቀድሞ የሚሰማው ቀጣሪው ድርጅት ነውና ስልክ ቁጥሩን ከልጅዎ ተቀብለው ያስቀምጡ።

እኔን የሚያጠራጥረኝ የብስ አጠገብ ሆና ድምፅዋን የምታጠፋ ናት። የኢራንን ነዳጅ ጭና በ2019 ጅብራልታር ላይ የተያዘችው «ግሬስ 1» ስትለቀቅ ስሟን «አድሪያን ዳርያ 1» ብላ ሜዲትራንያንን አቋረጠችና ሶርያ አጠገብ ዝም አለች። ከቀናት በኋላ ሳተላይት ከታርቱስ ወደብ ወጣ ብላ ቆማ ፎቶግራፍ አነሳት።

ጥያቄ፦ መርከቦች ስማቸውን እንዲህ የሚቀያይሩ ከሆነ አንዷን ከሌላዋ በምን እለያለሁ?

መልስ፦ ስሟን ይተዉትና ቁጥሯን ይያዙ። ባለ ሰባት አሃዙ የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት (አይ.ኤም.ኦ) ቁጥር ባለቤቷም ሆነ ሰንደቅ ዓላማዋ ቢለወጥ እስክትፈርስ ድረስ አይለቃትም። ለዚህ ከ«ኤክሶን ቫልዴዝ» የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በማርች 1989 አላስካ ውስጥ ከባሕር ሥር ካለ ዓለት ጋር ተጋጭታ ከ40 ሚሊዮን ሊትር የማያንስ ድፍድፍ ነዳጅ ያፈሰሰችው ናት። ከዚያ በኋላ ስሟ ደጋግሞ ተለወጠ፤ ነዳጅ መጫኑን ትታ የማዕድን አፈር ጫኝ እስከ መሆንም ደረሰች። በ2012 ሕንድ አገር አላንግ ለመፈራረስ ስትደርስ «ኦሪየንታል ናይሲቲ» ትባል ነበር። ቁጥሯ ግን ያው 8414520 ነው።

እርሳስ ይያዙና ይሞክሩት። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አሃዞች በቅደም ተከተል በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3 እና በ2 ያባዙ፦ 56፣ 24፣ 5፣ 16፣ 15፣ 4። ድምሩ 120 ይመጣል። የ120 መጨረሻ 0፣ የቁጥሩም መጨረሻ 0። በዘፈቀደ የተፈጠረ ቁጥር ብዙውን ጊዜ እዚህች ስሌት ላይ ይጋለጣል።

ጥያቄ፦ ቀይ ባሕር ላይ የነበረች አንዲት መርከብ መድረሻ ወደብ በሚጻፍበት ቦታ «ሠራተኞቹ በሙሉ ቻይናውያን ናቸው» ይል ነበር። እንዲህ የሚባል ወደብ አለ?

መልስ፦ የለም፤ የየመኖቹን የሁቲ ታጣቂዎች ሚሳኤል ለማራቅ የተጻፈ ልመና ነው። መድረሻውን ሠራተኞቹ በእጃቸው ስለሚጽፉት ያሻቸውን መጻፍ ይችላሉ። የመርከቧ ሆድ ውኃ ውስጥ የሚጠልቅበት ልክም እንዲሁ በእጅ ይሞላል፤ በትክክል ከተሞላ ግን ብዙ ይናገራል። ከወደብ ስትወጣ ስትገባ ከነበረው በብዙ ሜትር ከፍ ብላ ከታየች ጭነቷን አራግፋለች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከጅቡቲ ነዳጅ የማመላልስ የቦቴ ሾፌር ነኝ። «ሱኒዮን» ስትቃጠል ነዳጅ ሊቋረጥ ነው ተብሎ በየማደያው ሲወራ ነበር። እውነት ያሰጋን ነበር?

መልስ፦ የ«ሱኒዮን» ጭነት ለእርስዎ ቦቴ የሚሆን አልነበረም። የግሪክ መርከብ ናት፤ ከኢራቅ ወደ ግሪክ 150 ሺህ ቶን ያህል ድፍድፍ ጭና ስትሄድ ኦገስት 21 ቀን 2024 ቀይ ባሕር ላይ በሁቲዎች ተመታች። 25 ሠራተኞቿን የፈረንሳይ የጦር መርከብ አንሥቶ ያደረሳቸው ግን እርስዎ ወደሚጭኑበት ጅቡቲ ነው። ሁቲዎች ሰው አልባ ሆና ባገኟት ጊዜ ፈንጂ አጥምደው አፈነዱባት፤ ለሳምንታት ነደደች። እንደ ተአምር የጭነት ጋኖቿ ሳይቀደዱ በሴፕቴምበር ተጎትታ ከአደጋው ቀጣና ወጣች፤ ነዳጁም በኋላ ሱዌዝ ላይ ተቀዳ።

ድፍድፍ ቢሰጠንም የምናጣራበት የለንም፤ የአሰብ ማጣሪያ እንኳ በ1997 ቆሟል። ብዙ ነዳጅ ከምንገዛባት ከኩዌት የሚነሣ መርከብ ደግሞ ጅቡቲ ለመድረስ የባብ ኤል መንደብን ወሽመጥ መሻገር አይጠበቅበትም፤ ወደቡ ከወሽመጡ በፊት ነው። የመድን ዋጋ መናሩ ይነካናል። የወሬው ሰዎች መፍራት የነበረባቸው ግን የፋርስ ባሕረ ሰላጤ መውጫ የሆነውን ሆርሙዝን ነው፤ የኩዌት ነዳጅ በመርከብ የሚወጣበት ሌላ በር የለውም።

ጥያቄ፦ የመርከብ ፍጥነት 12 ኖት ሲባል ስንት ነው?

መልስ፦ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጎበዝ ብስክሌተኛ ይቀድማታል።