ልጄ የፉትቦል ረዳት አሰልጣኝ ልሁን አለኝ ላሉት እናት

ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎ በመጪው ግንቦት ከኮሌጅ ይመረቃል። አራት ዓመት ሙሉ በአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ውስጥ ተጠባባቂ ሆኖ ቆይቶ፣ አሁን «የድህረ ምረቃ ረዳት ሆኜ አሰልጣኝነት እጀምራለሁ» ብሎዎታል፤ ማስተርሱን እየተማረ አሰልጣኞቹን ሊያግዝ ማለት ነው። አባቱ ከተቆጣ ሳምንት ሆኖታል፤ በቤታችሁ መነጋገር ቀርቷል። እርስዎም «ይህ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሥራ ነው ወይስ ጨዋታውን ላለመተው ያመጣው ሰበብ?» ብለው ጠይቀዋል።

ሥራ ነው፤ ያውም ሙሉ ሰው የሚፈልግ ሥራ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ አራት ኮሌጅ፣ አራት ግዛት፣ ስድስት የኪራይ ቤት። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ሆኜ የትምህርት ቤታችንን ቡድን አሰለጥናለሁ። የምነግርዎት ያለፍኩበትን ነው።

መጀመሪያ ይህን ይወቁልኝ። ረዳት አሰልጣኝን በወረቀት የሚቀጥረው ኮሌጁ ነው፤ በእውነቱ ግን የሚመርጠውም፣ የሚያሳድገውም፣ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ይዞት የሚሄደውም ዋናው አሰልጣኝ ነው። ዋናው ሲባረር አብዛኛውን ጊዜ ረዳቶቹም አብረው ይወጣሉ። በስምንተኛው ዓመቴ ይህ በእኔ ላይ ደረሰ። የመጨረሻውን ጨዋታ ቅዳሜ ተሸነፍን። እሑድ ጠዋት የተጋጣሚን ቪዲዮ ለማየት ሳይሆን ዕቃዬን ለመሰብሰብ ወደ ቢሮ ሄድኩ፤ የበሩ መግቢያ ካርዴ አልሠራም። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከፈተልኝ፤ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ካርቶኑን እስከ መኪናዬ ተሸክሞ ሸኘኝ። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ የማስተምራቸው ተከላካዮች በዚያ ዓመት ጥሩ ተጫውተው ነበር፤ ግን ያንን የሚጠይቅ አልነበረም።

የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኞች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን የሚያካሂደው በእኛ ገና ሰሞን ነው። በዚያ ዓመት በዓሉን ትቼ ሄድኩ። በሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ የሥራ ልምዳቸውን በአቃፊ የያዙ ወንዶች ቆመው ከሚያልፈው ሁሉ ጋር ይጨባበጣሉ። ከመካከላቸው ሦስት ልጆች ያሏቸውና እንደ እኔ ባለፈው ወር የተባረሩ ነበሩ። ሦስት ቀን ቆሜ ምንም አላገኘሁም። ሥራ ያገኘሁት ከወር በኋላ ነው፤ በመጀመሪያ ዓመቴ አብሬው ካርድ እስል የነበረ ሰው የመከላከል አስተባባሪ፣ ማለትም የተከላካዮቹ ሁሉ ኃላፊ የሆነ ረዳት፣ ሆኖ ደወለልኝ።

ይህን ካርድ ላስረዳዎት፤ ልጅዎ የሚጀምረው ከዚህ ነውና። በየሳምንቱ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ አጨዋወት የሚያስመስሉ ተጠባባቂዎች አሉ፤ ስካውት ቡድን ይባላሉ። እነሱ እንዲያዩት እያንዳንዱ የተጋጣሚ ጨዋታ በትልቅ ወረቀት ላይ ይሳላል። አሥራ አንድ ክብ፣ ከየክቡ የሚወጣ ቀስት፣ ማን ማንን እንደሚገፋ፣ ኳሱ በማን እጅ እንደሚሆን። የድህረ ምረቃ ረዳቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮውን መቁረጥ ይጀምራል፤ ስንተኛ ሙከራ ነው፣ ስንት ያርድ ይቀራል፣ ስንት ሯጭ ገብቷል እያለ እያንዳንዱን በኮምፒውተር ይመዘግባል። ከዚያ ካርዶቹን ይስላል። እኔ እሑድ ሌሊት ከመቶ በላይ እስል ነበር።

አንድ ጊዜ አንዱን ቀስት ተሳሳትኩ። ወደ ቀኝ መዞር የነበረበትን ተጫዋች ወደ ግራ አዞርኩት። ረቡዕ ልምምድ ላይ የመሐል ተከላካያችን ያንን ቀስት አምኖ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ሮጠ። አስተባባሪው ልምምዱን አቆመና «ይህን ማን ሳለው?» አለ። እጄን አነሣሁ። አልጮኸብኝም፤ «ይህ ልጅ የሚያውቀው አንተ ያሳየኸውን ብቻ ነው» ብሎ ካርዱን መለሰልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ሥራ በጨዋታነት አላየሁትም፤ ማስተማር ነው።

ክፍያውን በተመለከተ አባቱ የሰጉት በከንቱ አይደለም። የድህረ ምረቃ ረዳት ማስተርሱን ይማራል፤ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፤ ለኑሮ የሚሰጠው ገንዘብ ግን ትንሽ ነው። እኔ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በአንድ ክፍል ተኝቻለሁ። በትናንሽ ኮሌጆች የሙሉ ጊዜ ረዳት ከሆንኩ በኋላም ደመወዜ ዛሬ በመምህርነት ከማገኘው ያነሰ ነበር። በሌላው ጫፍ በታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚከፈላቸው አስተባባሪዎች አሉ። ልጅዎ እነሱን እያየ ከሆነ እነሱ ጥቂቶች መሆናቸውን ይንገሩት።

መንገዱ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። ሰባት ብሔራዊ ዋንጫ ያነሣው አሰልጣኝ ኒክ ሴባን እ.ኤ.አ. በ1973 በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ረዳት ሆኖ ጀመረ፤ ዳር እስኪደርስ ግን በብዙ ቡድን ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ዳቦ ስዊኒ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ሳለ ከሌሎቹ አሰልጣኞች ጋር አብሮ ከወጣ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በንግድ ሕንፃ ኪራይ ሥራ ላይ ነበር። በ2003 ኳስ ተቀባዮችን ሊያሠለጥን ወደ ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ በ2008 የውድድሩ አጋማሽ ዋናው ሲለቅ ቡድኑን ተረከበ፤ በኋላም ሁለት ብሔራዊ ሻምፒዮና አመጣ። ለእኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ የሚቀርበኝ ባድ ፎስተር ነው። ከ1987 እስከ 2019 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ሆኖ ቆየ፤ በ2006 ለምርጥ ረዳት አሰልጣኝ የሚሰጠውን የብሮይልስ ሽልማት አገኘ፤ ዋና አሰልጣኝ ሳይሆን ጡረታ ወጣ። ሰዎች «ዋና መሆን አልቻለም» ሲሉ እሰማለሁ። በአንድ ከተማ ልጆቹን አሳድጎ፣ ተከላካይ ሲያስተምር የሥራ ዘመኑን የፈጸመ ሰው ምን እንደጎደለው አይገባኝም።

ልጅዎ የሚገባበት ዘመን እኔ ከገባሁበት ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ተጫዋች ስሙን በዝውውር መዝገብ አስገብቶ ቡድን መቀየር ቀሎታል፤ ከ2021 ጀምሮ በስሙና በምስሉ ገንዘብ ያገኛል፤ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ለረዳት አሰልጣኝ ይህ ማለት ምልመላ አያልቅም ማለት ነው። ቀድሞ አንዴ ያመጡትን ልጅ አራት ዓመት ያስተምሩት ነበር። አሁን በየዓመቱ መጨረሻ ያንኑ ልጅ እንደ አዲስ እንዲቆይ ይለምኑታል። ስልኩ እራት ላይም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅም ይጮኻል። ትዳር የሚፈትነው ይህ ነው፤ እኔንም በመጨረሻ ያስወጣኝ ይኸው ነው። ልጄ የመጀመሪያ እርምጃዋን ስትራመድ እኔ ሌላ ግዛት ውስጥ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ሳሎን ተቀምጬ ነበር።

ስለ አባቱ ግን አንድ ነገር ላውጋዎት። የእኔም አባት አኩርፎኝ ነበር። ሃያ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ያስተማረኝ ሰው «ለኳስ ነው እንዴ የተሰደድኩት?» አለኝ። በአራተኛ ዓመቴ አንድ ቅዳሜ መጣ። ሕጉን አያውቅም፤ ጨዋታው ሲያበቃ አጥሩ ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። እያወራን ሳለ አንድ መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚሆን ልጅ የራስ ቁሩን ይዞ መጣና አቅፎኝ «አሰልጣኝ፣ ስታቲስቲክስ አለፍኩ» አለኝ። ያንን ልጅ ለሦስት ወር በየሐሙሱ ጠዋት ቁጭ አድርጌ አስጠናው ነበር። አባቴ «ምን አለህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት። ወደ መኪናው እስክንደርስ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ለዘመድ ሲያስተዋውቀኝ «መምህር ነው» ይላል።

ስለዚህ ልጅዎ ይሂድ ወይስ ይቅር ለማለት እኔ አልችልም። ከመፈረሙ በፊት ግን የሚጠይቀውን እነግርዎታለሁ። የሚማረው ማስተርስ አሰልጣኝነቱን ቢተው እንጀራ የሚያበላው ይሁን፤ እኔን ያዳነኝ የሒሳብ ትምህርት ማስተርሴ ነው። የክረምት ኮርስና የጤና መድን በሚሰጡት ውስጥ መካተታቸውን በጽሑፍ ያረጋግጥ። ዋናው አሰልጣኝ ስንት ዓመት ውል እንደቀረው ይወቅ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በጋዜጣ የሚገኝ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ከእሱ በፊት በዚያው ቦታ የነበሩት የድህረ ምረቃ ረዳቶች ዛሬ የት እንዳሉ ይጠይቅ። ሥራ ይዘው ከሆነ ያ ሰው ረዳቶቹን ያስተምራል፤ ስልክም ይደውልላቸዋል። የት እንደገቡ የሚያውቅ ከጠፋ፣ ስሙ የገነነ ቡድን ቢሆንም ይለፈው። የስፖርት ስኮላርሺፕ በሌለው በሦስተኛው ዲቪዚዮን ያለ ትንሽ ኮሌጅ መጀመርም ነውር የለውም። መለያ ልብስ ማጠብ ሳይቀር በእሱ ትከሻ ይወድቃል፤ ግን በሃያ አራት ዓመቱ የራሱ ተጫዋቾች ይኖሩታል።

ከተስማማችሁ ሁለቱንም ቅዳሜ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤታችን ይላኩልኝ። ለልጁ የአንድ ጨዋታ ቪዲዮና ሠላሳ ባዶ ካርድ እሰጠዋለሁ። አባቱ አጠገቡ ወንበር ስበው ይቀመጡ፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።